ካንዴላ የሌለው መኪና

ድሬዳዋ ውስጥ መካኒክ መሆን ማለት ግማሽ ጣሊያንኛ መቻል ማለት ነው። ቤንዚን የሚለኩሰው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጭስ የሚያስወጣው ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ። ይህን ሁሉ ሲጠራ የሚውል ልጅ ሮም በየት በኩል እንደሆነች ላያውቅ ይችላል። ቋንቋዋን ግን በቅባት እጁ ይዞ ይዞራል።

በቀደም ሳቢያን አካባቢ አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንላቸው። (ድሬ አንቱታ ብዙም አይሆንላትም። ፊት ለፊት "አንተ" ነው የምላቸው፤ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።) አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ተሰቅሏል። ጋሼ ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። "ካንዴላ የለው፣ ማርሚታ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው" አሉኝ። ሙሾ የሚያወርዱ ነው የመሰለኝ። የአርባ ዓመት ቃላቸው በአንድ ከሰዓት ሥራ ፈታ።

እኔም ወደ ቤት ስመለስ ይኸው ነገር ሲያብሰለስለኝ ነበር። ዕቃ ሲመጣ ቃል ይዞ ይመጣል። ታዲያ ከቻይና የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ምን ቃል ይዞልን መጣ? ዛሬ ላወራ የተነሳሁት ይህ መኪና አካባቢን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ስለሚለው ጥያቄ ነው። ቃል ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ።

ድሬ ለቃል ቀረጥ አስከፍላ አታውቅም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ፈረንሳይኛውን ጭኖ ነው የደረሰው። ጣቢያው ለገሃር ተባለ፣ የብረት መንገዱ ሸመንደፈር። ሹፌርና ጋራዥም የፈረንሳይ ናቸው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬንና ናፍታ ከጣሊያን ተገኙ። ባጃጅ የአንድ ሕንዳዊ ቤተሰብ ስም ነው። እኛ ዘንድ ግን ማንም ቢሠራው ባለ ሦስት እግር ሁሉ ባጃጅ ነው። ወደ ሐረር ወጣ ስትሉ ደግሞ መኪና ግርግርን ታገኛላችሁ፤ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሰፉበት መንገድ። እዚያ መኪና ማለት የስፌት መኪና ነው፣ ግርግሩም የእሱ ድምፅ። ጣሊያንኛው ቃል ማንኛውንም ማሽን ስለሚል፣ በዚህ ነገር ሐረሮች ከእኛ ይልቅ ለዋናው ትርጉም ቅርብ ናቸው።

አሁን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና እዩ። ዶልፊን፣ ሲጋል፣ ዩዋን፣ ሶንግ። ዶልፊን ስንል ለብዙ ዓመት ሚኒባሱን ነበር የምንለው፤ አሁን "የቱ ዶልፊን?" ማለት መጥቷል። ሶንግ፣ ዩዋን፣ ታንግ፣ ሃንና ቺን ግን የቻይና ሥርወ መንግሥታት ስሞች ናቸው። የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ አንድ ሙሉ የመኪና ዘር የሰየመው በእነሱ ነው። በእኛ አገር ቢሆን "ዛጉዌ ፕላስ ገዛሁ፣ ባትሪው አሪፍ ነው" እንደማለት ነው። ዛጉዌና ሶንግ በነገራችን ላይ የአንድ ዘመን ነገሥታት ናቸው ማለት ይቻላል። ሶንግ የገዛው ከ960 እስከ 1279 እ.ኤ.አ. ነው።

በዚያው ዘመን ከድሬ ወጣ ብላ ሐርላ የምትባል የንግድ ከተማ ነበረች። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ አገኙ። ከየመን፣ ከማዳጋስካርና ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪም አገኙ። ግኝቱ ለዓለም የተነገረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ የቻይና ዕቃ ለዚህ አገር ሰው ብርቅ ሆኖ አያውቅም። አሁን የተለየው ዕቃው ጎማ ማውጣቱ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሲኒ ነው። ሲኒ ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም "የቻይና" ነው። ቀጭኑ ነጭ ሸክላ ከዚያ ስለሚመጣ አገሩ የዕቃው ስም ሆነ። እንግሊዞችም ያንኑ ሸክላ "ቻይና" ነው የሚሉት። ሲኖትራክ ላይ ያለው "ሲኖ" ደግሞ በላቲን በኩል የዞረው ነው። አብዛኞቹ የሥርወ ቃል አጥኚዎች ሦስቱንም ወደ አንድ ስም ይመልሷቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ221 እስከ 206 ቻይናን አንድ አድርጎ ወደገዛው ወደ ቺን። ቃሉ በሕንድና በፋርስ አልፎ ዓረቦች ዘንድ ደረሰ፣ ከዚያም ረከቦታችን ላይ ተቀመጠ። ጠዋት በሲኒ ቡና ጠጥቶ፣ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ሸሽቶ፣ ቺን የሚባለውን መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቀመ ማለት ነው።

እንግሊዝኛም ከቻይንኛ መበደር የጀመረው በሸቀጥ ነው። ሻይን ተመልከቱ። በየብስና በፋርስ በኩል የተጓዘው "ቻ" እኛ ዘንድ ሲደርስ ሻይ ሆነ። በደቡብ ቻይና ወደብ በኩል ደቾች የጫኑት "ቴ" ለንደን ሲደርስ ቲ ሆነ። ሁለቱም የአንድ ቅጠል ስም ናቸው። የተለያዩት በመርከብና በግመል ነው። ካቻፕም ከዚያው ወደብ የወጣ ቃል ነው። መነሻው የዓሣ ስጎ ስም ነበር፤ ቲማቲም የገባበት በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጡት የጠብ ቃላት ናቸው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቻይናዎች "አእምሮ ማጠብ" የሚሉትን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ዓመቱ 1950 እ.ኤ.አ. ነበር። የእኛ ቃኘው ሻለቃዎች በሚቀጥለው ዓመት ኮሪያ ገቡ። ዛሬ "ልጁን ጭንቅላቱን አጥበውታል" ስንል በእንግሊዝኛ በኩል የዞረ ቻይንኛ ነው የምንናገረው። የማኦ "የወረቀት ነብር"ም በተማሪው ንቅናቄ ዘመን አማርኛ ውስጥ ብዙ ተንጎራዷል። እነዚህ ድምፃቸውን ትተው ትርጉማቸውን ብቻ ይዘው የመጡ ናቸው።

የሰሞኑ ብድር ደግሞ ከመኪና ፋብሪካ ነው የሚወጣው። የኢኮኖሚ ገጾችን የሚያነብ ሰው "ኢንቮሉሽን" የሚል ቃል ደጋግሞ ያገኛል። የዚህ ቃል ታሪክ የሲኒን ያህል ያዝናናኛል። መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ምሁራን ቃል ነበር። የጃቫ ሩዝ ገበሬዎች በዚያችው መሬት ላይ ጉልበት እየጨመሩ፣ ለየሰዉ የሚደርሰው ግን የማይጨምርበትን ሁኔታ ለመግለጽ ተጠቀሙበት። ቻይናዎች "ኔይጁዋን" ብለው ተረጎሙት፤ ወደ ውስጥ መጠቅለል እንደማለት ነው። ወጣቶቹ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሳቸው አደረጉት። መጨረሻ የሌለው ፉክክር ማለት ሆነ። ከዚያ በዚህ አዲስ ትርጉሙ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ።

የድሬ ባጃጅ ሹፌር ይህን ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል። ወረፋው ላይ መቶ ባጃጅ ሲቆም አንዱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። በማግስቱ ሌላው በአሥር ሰዓት። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ሌሊት ይወጣል፣ የማንም ኪስ አልሞላም። የቻይና መኪና ፋብሪካዎችም በዋጋ ቅነሳ እንዲሁ ተጠቃለው፣ መንግሥታቸው ራሱ "ፀረ ኢንቮሉሽን" የሚል ዘመቻ ጀምሯል። አብሮም ሌላ ሐረግ ወጣ። "ዜሮ ኪሎሜትር ያገለገለ መኪና"። አዲስ መኪና ይመዘገባል፣ በወረቀት "ያገለገለ" ይባላል፣ አንድ ሜትር ሳይነዳ በቅናሽ ይሸጣል። የሽያጭ ቁጥሩ ያምራል። የእኛ ደላሎች "ዜሮ ዜሮ ነው" ሲሉ ለማወደስ ነው። እዚያ ግን ማንም ሳይፈልገው የተመረተ መኪና ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚያ መኪናም ብረት ቀልጧል፣ ድንጋይ ከሰል ነዷል።

"አዲስ ኃይል ተሽከርካሪ" የሚለውም የቻይና መንግሥት አነጋገር ነው፤ እንግሊዝኛው እንዳለ ተቀብሎታል። ስሙ ሰፊ ስለሆነ ቤንዚን የሚጠጣውንና ቻርጅም የሚደረገውን ድቅል መኪና ይጨምራል። ሶንግ ፕላስ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ካንዴላ ያለው ሶንግም አለ ማለት ነው። ገበያ ስትወጡ ይህቺን አትርሱ።

እንግዲህ ልዩነቱን አያችሁ? እንግሊዝኛ ከዚህ ኢንዱስትሪ የተበደረው የውስጡን ገመና የሚያወጡ ቃላት ነው። እኛ ያገኘነው የነገሥታትና የባሕር እንስሳት ስም ነው። ለቀረው ያለን አንድ ቃል "ጭስ አልባ" ነው። እሱም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

ጭሱ ከየት ሄደ? ከፊሉ በእርግጥ የለም። ከፊሉ ግን ቻይና ቀርቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲሠራ ከቤንዚኑ የበለጠ ካርቦን ያስወጣል፤ ምክንያቱ ባትሪው ነው። የቻይና ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚመነጨው ከድንጋይ ከሰል ነው። ለአንድ 50 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ3 እስከ 5 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተለመደ ግምት ነው። መኪናው ድሬ ሲደርስ ይህን ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚደርሰው።

ዕዳው በስንት ጊዜ ይከፈላል? አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። በ100 ኪሎሜትር 7 ሊትር የሚበላ መኪና በዓመት 15,000 ኪሎሜትር ቢሄድ 2.4 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ የእኛን መብራት የሚጠቀም መኪና ዕዳውን በሁለት ዓመት ገደማ ይከፍላል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ታክሲ ከሆነ ከዚያም ባነሰ። የሐብታም ሦስተኛ መኪና ሆኖ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የሚቆመው ግን መቼም አይከፍለውም። ይህን የምለው በምቀኝነት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ በምቀኝነትም ነው።

የእኛ መብራት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አይሲሲቲ የተባለው የትራንስፖርት ጥናት ተቋም በ2021 እ.ኤ.አ. የመኪናን ዕድሜ ከፋብሪካ እስከ መጣያ አስልቶ ነበር። የኤሌክትሪኩ መኪና ከተመሳሳይ የቤንዚን መኪና ጋር ሲነጻጸር በአውሮፓ ከ66 እስከ 69 በመቶ፣ በቻይና ከ37 እስከ 45 በመቶ፣ በሕንድ ከ19 እስከ 34 በመቶ ብቻ ይቀንሳል። ለቁጥሩ መራራቅ ትልቁ ምክንያት ሶኬቱ ነው። ከሶኬቱ ጀርባ ከሰል ካለ ጥቅሙ ያንሳል። ከጀርባው ዓባይ ካለ ግን ከአውሮፓም ይበልጣል። በጥር 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከዓለም ቀድማ ስትከለክል፣ ዋናው ምክንያት የነዳጅ ዶላር ነበር። በአየር በኩል ግን ሳናስበው ጥሩ ቦታ ላይ ቆመናል። ዝናቡ እስካለ ድረስ።

መልክዓ ምድራችንም ያግዛል። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 4.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ 30 ኪሎሜትር የሚያስኬድ ነው። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ አቀበት ለመውጣት የቤንዚን መኪና የበላው ነዳጅ በላው ነው፤ ሲወርድ ያተረፈልን ፍሬን ሸራ ማቃጠል ብቻ ነው። የኤሌክትሪኩ ከሐረር ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ከወጪው ጥሩ ድርሻ ይመልሳል። የፍሬን ብናኝም ይቀንሳል። በሌላ በኩል መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ጎሚስታዎች አይዟችሁ። የድሬ ሙቀት ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው። መቶ በመቶ ሞልቶ ፀሐይ ላይ የሚውል ባትሪ ቶሎ ያረጃል፤ ጥላ ፈልጉለት።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። ሊቲየም ከሚወጣባቸው ትልልቅ ቦታዎች አንዱ ቺሌ ያለው የአታካማ በረሃ ነው። ከመሬት ሥር ጨዋማ ውሃ ይሳባል፣ ሰፋፊ ገንዳ ላይ ፀሐይ ያተነዋል፣ ሊቲየሙ ይቀራል። የአካባቢው ሰው ስለ ውሃው ሲጮህ ዓመታት አልፈዋል። ከድሬ ወደ ሐረር ሲመላለስ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ቺሌ መሄድ አያሻውም። ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይተናል። ሐይቁ የደረቀው በማዕድን አይደለም። በመስኖ፣ በከተማ ውሃና በደለል ነው። ሆኖም የፓምፕ ድምፅ ቋንቋ አይለይም። ሐይቁ በኋላ ውሃ መያዙ ደግሞ ደስ ይላል።

ኮባልት ሌላው ጣጣ ነው። ከዓለም ምርት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ከኮንጎ ይወጣል። ሕፃናት ጭምር በእጅ ይቆፍራሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በእኛ መንገድ ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው ያላቸው። ቢዋይዲ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ"ምላጭ" ባትሪም የዚህ ዘር ነው። በውስጡ ኮባልትም ኒኬልም የለም። እሳት የመያዝ ዕድሉ ያንሳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። "ኮባልት፣ ኮባልት" የሚለው ወቀሳ እሱን አያገኘውም።

ይሁንና ይኸው በጎነቱ መጨረሻው ላይ ይዞርበታል። ኮባልት ያለው ባትሪ ሲያረጅ ፈላጊ አለው፤ ውስጡ ገንዘብ ነው። ብረትና ፎስፌት ግን ርካሽ ናቸው። ለይቶ ለማውጣት የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ጋር ብዙ ጊዜ አይመጣጠንም። ማንም "ቁራሌው" ብሎ ተጣርቶ አይወስደውም። ትልቁ ጉዳያችን ያለው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ጭስ ብዙ አውርተናል፣ ስለ ሬሳው አላወራንም።

ለማውራትም ቃል አጥሮናል። አማርኛ ላይ ባትሪ ማለት ምንድነው? መብራት ሲጠፋ የምናበራው በእጅ የሚያዘው ባትሪ ነው። የሬዲዮ ድንጋይም ባትሪ ነው። 12 ቮልቱ የመኪና ባትሪም ባትሪ ነው። ወለሉ ሥር የተነጠፈው፣ ብዙ ጊዜ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝነው፣ ከ300 ቮልት በላይ የሚይዘው ነገርም ባትሪ ነው። በአንዱ ልጅ ይጫወትበታል። በሌላው ሰው ይሞታል። ስማቸው አንድ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባለ ሦስት እግሮች ሲመጡ ይህ ነገር ይከፋል። ብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች የእርሳስ ባትሪ ነው የሚጠቀሙት። ሥራ የበዛበት የእርሳስ ባትሪ በአንድ ሁለት ዓመት ይደክማል። እርሳሱን ለማውጣት ሜዳ ላይ ሰብሮ አሲዱን መድፋትና ማቅለጥ በብዙ ድሃ አገሮች የታወቀ ሥራ ነው። የእርሳስ ጭስና አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ለዚያውም በትንሽ መጠን።

ድሬ ላይ ደግሞ የምንጥልበትን እናውቃለን። ደቻቱ። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ይመስላል፣ ሰውም መጣያ ያደርገዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እሱ ነው። ዓመቱን ያጠራቀምንለትን በአንድ ሌሊት ጠርጎ ወደ ታች ያከፋፍላል። የምንጠጣው ውሃ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ከዚሁ ከምንረግጠው መሬት ሥር የሚሳብ። አዲስ አበባ ባትሪዋን የት እንደምትጥል አላውቅም። ድሬ ግን የጣለችውን መልሳ ነው የምትጠጣው።

በነገራችን ላይ ቻይናዎች ሰው ሲያበረታቱ "ጂያዮ" ይላሉ፤ ቃል በቃል "ዘይት ጨምር" ነው። ነዳጅ መቅዳትም ያው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እንዳለ ተርጉሞ አስገባው። ዘይቱን ለመተው ተሽቀዳድሞ የሚሮጠው አገር፣ "በርታ" የሚለው አሁንም "ዘይት ጨምር" ብሎ ነው። እኛም መኪናው በውሃ ኃይል እየሄደ "ነዳጅ ስጠው!" ማለታችን የሚቀር አይመስለኝም።

ትናንት ጋሼ ጋ ደግሜ ሄድኩ። መኪናው ወርዷል። ልጆቹ ወለሉ ሥር ለተነጠፈው ነገር ስም አውጥተውለታል፣ "ፍራሹ" ይሉታል። "ፍራሹን ፈተሽከው?" "ፍራሹ ሙቋል።" ከእሱ የሚወጡት ከፍተኛ ቮልት የሚያስተላልፉ ሽቦዎች በየትኛውም መኪና ብርቱካናማ ናቸው። ጋሼ ከድሮው የካንዴላ ማስታወቂያ ጎን፣ ግድግዳው ላይ በቀለም ጽፈዋል፦ "ብርቱካናማውን ሽቦ የነካ፣ ከተረፈ፣ ከሥራ ተባሯል።"